ቄሳር “ተነሥ” እስኪለኝ

አንባቢ ሆይ፣ እኔ ለዩልዮስ ቄሳር እጄን የሰጠሁ ሰው ነኝ። ቀልድ አይደለም። ማለቴ፣ የምናገረው ነገር ሁሉ ግማሹ ቀልድ ነው፤ ይሄኛው ግን ከሌላው ግማሽ ነው። እጄን የሰጠሁት ሌክውድ፣ አንድ መናፈሻ ውስጥ፣ እሑድ ከቀትር በኋላ፣ ሆት ዶግ የሚበሉ ሰዎች እያዩኝ ነው። አንገቴ ላይ የነበረው ድንጋይ ሦስት ኩንታል ይመዝናል። እሺ፣ አንድ መካከለኛ ድፎ ዳቦ ያክላል። በዚያን ቀን ግን ሦስት ኩንታል ነበር፤ የተሸከምኩት እኔ ነኝ፣ እኔን እመኑ።

መጀመሪያ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ስሜ ግርማ ነው። አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ በዴንቨርና በኦሮራ መካከል የሕመምተኛ ማመላለሻ ቫን እነዳለሁ። አምቡላንስ አይደለም፤ ሳይረን የለኝም፤ አጣድፎ የሚያስሮጠኝም የለም። ለኩላሊት እጥበት፣ ለዓይን፣ ለወገብ የሚታከሙ ሰዎችን ከነዊልቸራቸው እጭናለሁ፣ አደርሳለሁ፣ እመልሳለሁ። ቫኗን ኖኅ መርከቡን ከመሥራቱ በፊት ለልምምድ ነው የሠራት። የምኖረው ከሃቫና ስትሪት ገባ ብሎ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ውስጥ ነው። ትዳር ሞክሬ ነበር፤ አልሆነም፤ ልጅም የለኝም። ልደቴን በየዓመቱ የሚያስታውስልኝ የመኪናዬ ኢንሹራንስ ብቻ ነው።

ጨዋታ አዋቂ ነው እባላለሁ። ሠርግ ላይ፣ ክርስትና ላይ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ሰው ከቦኝ ይስቃል። ከዚያ ሁሉም ልጆቹን ሰብስቦ፣ ካፖርቱን ለብሶ፣ መኪናውን አስነሥቶ ይሄዳል። ያ ሁሉ ሰው ያሳቀ ሰውዬ ቤቱ ሲገባ እሱን ማን እንደሚያስቀው አስባችሁ ታውቃላችሁ? እኔም አስቤው አላውቅም ነበር። ፍሪጄ ሲያጉረመርም “አቤት?” እለዋለሁ። መልስ ግን ሰጥቶኝ አያውቅም፤ ይህንን ማጋነን እንኳ አልቻልኩም።

ታዲያ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጠዋት ለኩላሊት እጥበት ከእንግልውድ የማነሣቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሚስተር ዋልተር እንበላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ላቲን ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ እንደኔው ልጅ የሌላቸው፣ ሰማንያን የተሻገሩ ሰው። በእንግሊዝኛ ለሁሉም ሰው ያው “ዩ” ነው፤ እኔ ግን በሆዴ ሁልጊዜ “እርስዎ” ነበር የምላቸው፤ እዚህም እንደዚያው እጽፈዋለሁ።

በመጀመሪያው ሳምንት ከኋላ ሆነው፣ “እባክህ ሬዲዮውን ዝጋና ጦርነት ልንገርህ” አሉኝ።

“የየትኛውን አገር?”

“ሰዎቹ በሙሉ ያለቁበትን። ማንም አይቀየመንም።”

እንዲህ ተጀመረ። በየጉዞው ትንሽ ትንሽ እየቆረሱ፣ ቄሳር በጎል አገር ያደረገውን ዘመቻ ይተርኩልኝ ጀመር። ጎል የሚሉት የኳሱን አይደለም፤ የዛሬዋን ፈረንሳይና አካባቢዋን ነው። ክሊኒኩ በር ላይ ስንደርስ ጦሩ ወንዝ ሊሻገር ሲል ያቋርጡታል። ከማሽኑ ሲወጡ ፊታቸው አመድ መስሎ፣ እግራቸው አልታዘዝ ብሏቸው፣ ግን ወንዙን ያሻግሩልኛል።

አንድ ረቡዕ ሃምፕደን መንገድ ላይ ቀይ መብራት ይዞን፣ “ቄሳር ለምን ዘመተ ትላለህ?” አሉኝ።

“መሬት ፈልጎ።”

“እሱም አለበት። ዋናው ግን ሌላ ነው። ሮም ውስጥ ባለሥልጣን ወንበሩ ላይ እያለ አይከሰስም። ሥልጣኑ ባለቀ ማግስት ግን ጠላቶቹ ፍርድ ቤት በር ላይ ቆመው ይጠብቁታል። ሸንጎው ውስጥ የቄሳርን ቀን የሚጠባበቁ ብዙ ነበሩ። ስለዚህ ጦርነቱ ቶሎ ማለቅ አልነበረበትም፤ ካለቀም ማንም ሊነካው በማይችልበት ድል ማለቅ ነበረበት።”

“ከወንበር የሚወርድበት ቀን እንዳይመጣ ሕዝብ ማስጨረስ ማለት ነው?”

“በአጭሩ።”

“ሚስተር ዋልተር፣ ይህንን ለሐበሻ ለማስረዳት ራስዎን አያድክሙ። እኛ ከጡት ወተት ጋር ነው የምንጠጣው።”

ሳቁ። ሲስቁ ድምፅ የላቸውም፤ ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል። ያንን ትከሻ በመስታወት ለማየት ስል ማታ ማታ ቀልድ እያዘጋጀሁ መተኛት ጀመርኩ። ተማሪ ሳለሁ ለማትሪክ እንኳ እንደዚያ አልተዘጋጀሁም።

ልቤን የወሰደው ግን ቄሳር አልነበረም፤ ቬርሲንጌቶሪክስ የሚባል የጎል ወጣት ነው። ስሙን ጠርቶ ለመጨረስ ከእንግልውድ ተነሥቶ ሃቫና መድረስ ይጠይቃል፤ እኔ “ቬርሲ” እለዋለሁ። አባቱን የገዛ ወገኖቹ ናቸው የገደሉት፤ በጎል ሁሉ ላይ ልንገሥ አለ ብለው። ልጁ ሲነሣ ደግሞ አጎቱና መኳንንቱ ከከተማ አባረሩት። እሱ ግን ከየሜዳው ሰው ሰብስቦ ተመለሰ፤ እርስ በርሱ የሚባላውን ጎሣ ሁሉ አንድ ላይ አሰለፈው፤ ለሮማውያን ምግብ እንዳይሆን የራሱን ሕዝብ ከተሞች አቃጠለ። በመጨረሻ አሌሲያ በምትባል የኮረብታ ከተማ ተከበበ።

የአሌሲያን ነገር የነገሩኝ ሰኞ ዕለት ነው። ሁለት ሃያ አምስት ሀይዌይ ላይ በአደጋ ምክንያት መንገድ ተዘግቶ፣ በግራም በቀኝም የኮንክሪት አጥር፣ ከፊትም ከኋላም መኪና፣ ንቅንቅ የለም።

“ቄሳር ከተማዋን በአጥር ከበባት” አሉ። “ከውጭ ረዳት ጦር እንደሚመጣ ሲሰማ ደግሞ ከጀርባው ሁለተኛ አጥር ሠራ። ከተማዋ ውስጥ እህል እያለቀ ሄደ። ለተዋጊዎቹ እንዲተርፍ ሲባል ሴቶችን፣ ልጆችን፣ ሽማግሌዎችን አስወጧቸው። እነዚያ ወደ ሮማውያን አጥር ሄደው ‘ባሪያ አድርጋችሁም ቢሆን አስገቡን፣ አብሉን’ ብለው ለመኑ። ቄሳር አልተቀበላቸውም። ከተማዋም መልሳ አላስገባቻቸውም።”

“ከዚያስ?”

“እዚያው ቀሩ። በግንቡና በአጥሩ መሀል።”

ቀልድ ፈለግሁ። አጣሁ። ሁለታችንም ግራና ቀኝ ያለውን ኮንክሪት እያየን ቆየን። በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን፤ ሁለታችንም ቶሎ ዞር አልን።

ረቡዕ ዕለት ስንለያይ፣ “ዓርብ መጨረሻውን እነግርሃለሁ፤ ቬርሲህ እጁን ይሰጣል” አሉኝ።

ዓርብ ግን ሲሄዱም ሲመለሱም አንድ ቃል አልተነፈሱም። እቤታቸው በር ላይ ደርሰን ዊልቸሩን ከቫኑ እያወረድኩ ሳለ፣ “ሰኞ አትምጣ” አሉ።

“ምን አጠፋሁ? ፍሬን አጥብቄ ያዝኩ?”

“አንተ ምንም አላጠፋህም። አቆምኩ።”

“ምኑን?”

“ማሽኑን። ደክሞኛል ግርማ። ሐኪሜም ያውቃል፣ ብዙ ተነጋግረንበታል። ከእንግዲህ ቤቴ ነኝ። አንዲት ነርስ እየመጣች ታየኛለች።”

የዊልቸሩን እጀታ ይዤ ቆምኩ። ይህን ሥራ ስለምሠራ ማሽኑን ያቆመ ሰው ብዙ ጊዜ እንደማይቆይ አውቃለሁ። እኔ በቀብር ላይ እንኳ አፌ የማይያዝ ሰው፣ “መጨረሻውን እንኳ ሳይነግሩኝ?” ብቻ ወጣኝ፤ እሱም በአማርኛ። አልገባቸውም።

“ግን እሑድን እፈልግሃለሁ” አሉ። በዓመት አንድ ጊዜ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው የሮማ ወታደር ልብስ ለብሰው በሌክውድ መናፈሻ የአሌሲያን ጦርነት ያሳያሉ፤ ቄሳር የሚሆኑት ሁልጊዜ እሳቸው ናቸው። “ቬርሲንጌቶሪክስ የሚሆነው ልጅ ቴክሳስ ገባ። አንድ ጎላዊ ጎድሎኛል።”

“ጎላውያን ይህን ያህል ጠይሞች ነበሩ እንዴ?”

“ፀሐይ ላይ ብዙ ተዋግተዋል” አሉ፤ ትከሻቸውም ትንሽ ተንቀሳቀሰ። “ትመጣለህ?”

“እመጣለሁ።”

ቅዳሜ አልሠራም። ልብስ ላጥብ ላውንደሪ ቤት ገብቼ፣ ማሽኑ ሲሽከረከር ፊቱ ቁጭ ብዬ እያየሁ፣ ስልክ አወጣሁና ሰናይት ጋ ደወልኩ። ሰናይት የመሥሪያ ቤታችን ዲስፓቸር ናት፤ የማንሣቸውን ሰዎች የምትደለድልልኝ እሷ ናት። ጸሎተኛ፣ ፈጣን፣ ለኔ ቀልድ ፈጽሞ የማትበገር ሴት።

“ሰናይት፣ ሚስተር ዋልተር ካንስል አደረጉ የሚባለው እውነት ነው?”

“ሁሉንም ጋሽ ግርማ። ክሊኒኩ ኮል አድርጎ ነገረኝ። ለነገሩ አንተም የሰማህ መስሎኝ ነው።”

“ታዲያ አያስቆሟቸውም?”

“ማን ነው የሚያስቆማቸው? የራሳቸው ዲሲዥን ነው።”

“እኛ ጋ ቢሆን እኮ ሰፈሩ ተሰብስቦ፣ ቀኝ ቢሉ ግራ ቢሉ...”

“እዚህ ሰፈራቸው ማነው?”

 የልብስ ማጠቢያው ማሽን መዞሩን አቆመና ጢጥ አለ።

“እጸልይላቸዋለሁ” አለች። “ላንተም።”

“እኔ ምን ሆንኩ ብለሽ?”

“የሰኞ ጠዋቱን ስሎት ለሌላ ፔሸንት ሰጥቼብሃለሁ፤ ባዶ ሆነህ እንዳትቀመጥ ብዬ ነው። ደግ አደረግኩ?”

“ደግ አደረግሽ” አልኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ልብሴን ከማሽኑ ሳላወጣ ብዙ ቆየሁ። የታየኝ ነገር ሌላ አልነበረም፤ የቫኗ መስታወት ነው። ውስጡ ሌላ ሰው። ወይም ሬዲዮ።

እሑድ መናፈሻው ስደርስ የሮም ጦር ከጥድ ዛፍ ሥር ሳንድዊች ይበላል። አዛዡ ስቲቭ የሚባል ጥርስ ሐኪም ነው፤ የራስ ቁሩ ላይ የቆመው ቀይ ጸጉር ቁርጥ ለግዙፍ ሰው የተሠራ የጥርስ ብሩሽ ይመስላል። ይህንኑ ነገርኩት። ከዚያ በፊት ማንም አልነገረውም መሰለኝ፣ አወለቀና ለረጅም ጊዜ አየው።

“የጎል ጦር የታለ?” አልኩ።

“አንተ ነህ።”

“እኔ ብቻ?”

“ሁሉም ሮማዊ መሆን ነው የሚፈልገው። የራስ ቁሩ ያምራል” አለኝ።

ዋልተር በዊልቸራቸው ላይ ነጭ ቶጋ፣ የሮማውያኑን ኩታ፣ ለብሰዋል። አለባበሱ ተጣሟል፤ አንዱ ጫፍ ጎማው ውስጥ ገብቷል። ጋቢ ለብሶ ላደገ ሰው ይህ ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። አወጣሁላቸው፣ በግራ ትከሻ አሻግሬ ደረብኩላቸው።

“ይህን ማን አስተማረህ?”

“ብርድ” አልኳቸው። ፊታቸው ከዓርቡ የበለጠ ገርጥቷል። ዓይናቸው ግን በደስታ ያበራል።

ስቲቭ ድራማውን አስረዳኝ። እሱ በማይክ ይተርካል፤ እኔ ከዛፎቹ መሀል እወጣለሁ፤ ሰይፌንና ጋሻዬን ቄሳር እግር ሥር እጥላለሁ፤ ሳልናገር እቀመጣለሁ፤ ወታደሮች ይዘውኝ ይሄዳሉ፤ ይጨበጨባል።

“በእውነቱ ታሪክ በፈረስ ነው የመጣው ይባላል፤ ግን ፈረስ የለንም” አለ።

“ቫኔን ላምጣት?”

“አይሆንም።”

“እሺ፣ ድንጋዩስ?”

“የምን ድንጋይ?”

“እጁን የሚሰጥ ሰው ነው አላልክም? ድንጋዩን ከየት ነው የማነሣው?”

እንደ እብድ አየኝ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ እነዚህ ሰዎች እጅ መስጠትን ያለ ድንጋይ ነው የሚያውቁት። እኛ ዘንድ ግን፣ መቼም ታውቁታላችሁ፣ የሸፈተ ለንጉሡ፣ የበደለ ለተበደለው ሲገባ ድንጋይ አንገቱ ላይ አድርጎ ይመጣና ይደፋል። ያንን ተሸክሞ የወደቀን ሰው ረግጦ ማለፍ ነውር ነው። “ተነሥ” እስኪባል አይነሣም። ደሴ፣ እቤታችን ደጃፍ ላይ፣ አጎቴ ለአባቴ እንዲህ ሲደፋ አይቻለሁ። “ዓይኑን አላይም” ይል የነበረው አባቴ ነው ድንጋዩን በገዛ እጁ ከወንድሙ አንገት ያወረደው። ባዶ እጁን መጥቶ ቁጭ የሚል የተሸነፈ ንጉሥ ለኔ ምኑም አልተዋጠልኝም። እግረ መንገዴንም አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ድንጋይ የተሸከመ ሰው መለመን ይችላል።

በመናፈሻው ወደሚያልፈው ወንዝ ዳር ወርጄ አንድ ለስላሳ ግራጫ ድንጋይ መረጥኩ።

ስቲቭ በማይኩ፣ “እነሆ የጎሎች ንጉሥ...” ሲል ከዛፎቹ መሀል ወጣሁ። ሰይፉን ጥያለሁ፣ ጋሻውን ረስቼዋለሁ፣ ድንጋዩን በሁለት እጄ ማጅራቴ ላይ ይዤ ጎንበስ ብያለሁ። ሣሩን ብቻ ነው የማየው። አንድ ሕፃን “ማሚ፣ ምን ተሸክሞ ነው?” ሲል ሰማሁ። የዊልቸሩን ጎማና የዋልተርን ነጭ ስኒከር ሳይ ተንበረከክኩ፤ ከዚያም ግንባሬ ሣሩን እስኪነካ ተደፋሁ። የማይኩ ድምፅ ተቋረጠ።

“ግርማ” አሉ ዋልተር ቀስ ብለው። “ይሄ ምንድን ነው?”

“ድንጋይ ነው።”

“እሱንማ አያለሁ።”

“እጄን እየሰጠሁ ነው፤ በኛ ወግ። ተነሥ እስኪሉኝ አልነሣም።”

“እንግዲያው ተነሥ።”

“ቆይ እንጂ ሚስተር ዋልተር፣ ገና አልለመንኩም!”

ቀና ብዬ ባላይም ትከሻቸው መንቀጥቀጡን ከዊልቸሩ ሲጥ ሲጥታ አወቅሁ።

“እሺ ጠይቅ።”

“ሰኞን ይስጡኝ። ነገ እንደ ወትሮው ልምጣና ወደ ክሊኒኩ ልውሰድዎ። ሰኞን ብቻ። ረቡዕ ሌላ ድንጋይ ይዤ እመጣለሁ። ኮሎራዶ ድንጋይ አያልቅባትም፤ ተራራውን ያዩታል።”

ስቲቭ ከጎኔ መጥቶ፣ “ይሄ ስክሪፕቱ ላይ የለም” ብሎ ሹክ አለኝ። ከዚያ የዋልተርን ፊት አየ መሰለኝ፣ ኮቴው ቀስ እያለ ወደ ኋላ ራቀ።

 ነፋሱ ቶጋቸውን ሲያርገበግበው ይሰማኛል። ማጅራቴ መቃጠል ጀመረ።

“ቬርሲንጌቶሪክስ እጁን ከሰጠ በኋላ ምን እንደሆነ ታውቃለህ?” አሉ በመጨረሻ።

“ዓርብ እነግርሃለሁ ብለውኝ መቼ ነገሩኝ?”

“ቄሳር ወዲያው አልገደለውም። ሮም ወስዶ ከመሬት በታች ባለ የድንጋይ ጉድጓድ ውስጥ አሰረው። ስድስት ዓመት።”

“ለምን?”

“ለሰልፍ። ድል ያደረገ አዛዥ በሮም ጎዳና በሠረገላ ሲያልፍ የተማረከው ንጉሥ ለሕዝብ ይታያል። ያለ ንጉሡ ሰልፉ አያምርም። ግን ቄሳር ከሸንጎው ጋር ተጣላ፤ ከገዛ አገሩ ሰዎች ጋር ጦርነት ገጠመ፤ ሰልፉ ዘገየ። ያ ሰው ቀኑ እስኪደርስ እንዳይሞት መጠበቅ ነበረበት። ያበሉት ነበር፣ ያጠጡት ነበር። አወጡት፣ ለሕዝብ አሳዩት፣ ሰልፉ ሲያበቃ ገደሉት።” ትንፋሽ ወሰዱ። “በሕይወት ያቆዩት ለሱ ብለው አልነበረም ግርማ።”

አንባቢዎቼ፣ እኔ ቀልድ ቶሎ የሚገባኝ፣ ቁም ነገር ግን በፖስታ ቤት የሚደርሰኝ ሰው ነኝ። ይሄኛው ግን ወዲያው ደረሰኝ። ሰኞን የለመንኩት ለማን ነው? ያ መርፌ፣ ያ ማሽን፣ ከዚያ በኋላ አመድ የሚመስለው ፊት የማን ነው? የሚቀርብኝ ግን ምንድን ነው? በመስታወት ውስጥ የማየው ትከሻ። ድንጋይ የተሸከምኩት፣ የተደፋሁት እኔ ሆኜ ሳለ ቄሳሩም ለካ እኔው ነበርኩ። ሽማግሌውን ለኔ ሰልፍ እንዲቆዩልኝ ነበር የምለምናቸው።

ሣሩ ውስጥ እንደተደፋሁ ዓይኔ ረጠበ። ጉንዳን ነው። ጉንዳን ገባብኝ።

“ልመናዬን መቀየር እችላለሁ?” አልኩ።

“በወጋችሁ ይፈቀዳል?”

“ወጉን የሚያውቅ ሰው እዚህ የለም፤ ስለዚህ ይፈቀዳል።”

“ቀይር።”

“ሰኞ ልምጣ። ቫኗን አላመጣም። የትም አንሄድም። ዝም ብዬ አጠገብዎ ልቀመጥ።”

የዊልቸሩ ጎማ ትንሽ ወደኔ ተጠጋ። ከዚያ፣ “በእነዚያ ስድስት ዓመታት አንድ ሰው እንኳ ወደዚያ ጉድጓድ ወርዶ ‘እንዴት ዋልክ’ ይበለው አይበለው፣ እኔ ያነበብኩት ቦታ የለም” አሉ። “ሁልጊዜ ይገርመኛል።”

ማጅራቴ ላይ እጃቸው ሲያርፍ ተሰማኝ። በእጥበቱ ጊዜ መርፌው የሚገባበት፣ ያበጠው ክንዳቸው ነበር። ድንጋዩን ያዙት። ልረዳቸው ስል፣ “አትንካ” አሉ፣ እንደ መምህር። አነሡት። ጭናቸው ላይ ዱብ አለ፤ ቶጋው አፈር ሆነ።

“በቋንቋችሁ ምን ብዬ ነው የምለው?”

“ተነሥ።”

“ተነሥ” አሉ፤ ዕድሜያቸውን በቋንቋ ያሳለፉ ሰው ናቸውና አጥርተው።

ተነሣሁ። ሰው አጨበጨበ። ማርከው መውሰድ የነበረባቸው ወታደሮች ምን እንደሚያደርጉ ጠፍቷቸው ቆመዋል። አንዲት ሴትዮ ስቲቭን፣ “ጎላውያን ድንጋይ ይሸከሙ ነበር እንዴ?” ብላ ስትጠይቀው፣ ጥርስ ሐኪሙ ሳያቅማማ፣ “አዎ፣ አንዳንድ ጎሣዎች” አላት። ታሪክ እንዴት እንደሚጻፍ በዓይኔ አየሁ።

ማታውኑ ሰናይት ጋ ደወልኩ። “ነገ ኦፍ እፈልጋለሁ።”

“ኦፍ? አንተ? ለቅሶ አለብህ?”

“ገና ነው። ጥየቃ ነው።”

 “ሚስተር ዋልተር ጋ ነው አይደል? ስሎቱን ለሌላ ሹፌር አደርገዋለሁ። አድራሻቸውን አውቀዋለሁ፤ ከሥራ ስወጣ እኔም እመጣለሁ።”

ሰኞ በኮሮላዬ ሄድኩ። የኮሎራዶ ሰማይ አይታመንም፤ በማግስቱ በረዶ ይጥላል። ዋልተር መስኮቱ አጠገብ ባለ አልጋ ላይ ናቸው፤ ድንጋዩን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጠውታል። እንደ ወትሮዬ ቀልድ ልጀምር ስል እጃቸውን አነሡ።

“ቀልዱን በኋላ። የኔ ጦርነት አልቋል። አሁን አንተ ንገረኝ።”

“ምኑን?”

“ያንን አጎትህን። አባትህን። አንተን።”

በዕድሜዬ ሰው አስቂኝ ብሎኛል፤ ንገረኝ ያለኝ ሰው ግን ትዝ አይለኝም። ወንበር ስቤ ተጠጋሁ። ከዚያ ነገርኳቸው። አንዳንዱን አጋንኜዋለሁ፤ ትዳሬን ሳወራ ግን ምንም አልጨመርኩም። ከሰዓት ሰናይት ሾርባ ይዛ መጣች፤ በሹክሹክታ ጸለየችላቸው፤ እሳቸውም የማያምኑ ሰው ሲሆኑ “አሜን” አሉ፣ በላቲን ነው ብለው። ማክሰኞ ስቲቭ መጣ፣ የራስ ቁሩን ይዞ፤ በዚያው በነጭ ጨርቅ ይወለውለው ጀመር። በየቀኑ አንድ ሰው ነበረ። ሰናይት በስልክ “ሰፈራቸው ማነው?” ብላኝ አልነበር? እኛው ሆንን።

ብዙ አልቆዩም። ሲያልፉ ጠዋት ነበር፣ በቫኗ ሰዓታችን፤ አጠገባቸው ነበርኩ። የመጨረሻው ቃላቸው ይህ ነበር ብዬ ላጋንንላችሁ እችል ነበር፤ ግን ተኝተው ነው የሄዱት። እጃቸውን ይዤ ነበር። ይሄው ነው።

እንግዲህ እናንተ ይህንን የምታነቡ፣ ከዚያ ወዲህ ምን ተለወጠ ካላችሁኝ፣ ቫኗ ያችው ናት፤ አፓርታማውም ያው። ግን የማመላልሳቸውን ሰዎች “ቁጭ ብዬ ልጫወት?” እላለሁ፤ በዕረፍት ቀኔ የአንዱን በር አንኳኳለሁ። ሁሉም አይከፍትም። የከፈተው ግን ሲናገር፣ ቫኗ ውስጥ ሬዲዮዬን እንደምዘጋ ሁሉ አፌን እዘጋለሁ። በሥልጣን ላይ ላሉትም የምለው ነበረኝ፤ እነሱ ግን እንዲህ ያለ ጽሑፍ አያነቡም፤ ሰልፍ አለባቸው። እናንተን ግን ልጠይቃችሁ፦ አጠገባችሁ ያቆያችሁት ሰው ለሱ ብላችሁ ነው ያቆያችሁት? እኔ ይህንን ጥያቄ የመለስኩት ሣር ውስጥ ተደፍቼ ነው፤ እናንተ ወንበር ላይ ሆናችሁ ከመለሳችሁት ዕድለኞች ናችሁ።

በቅርቡ ስቲቭ ደወለልኝ። ዘንድሮም አሌሲያን ሊያሳዩ ነው።

“ቄሳር የለንም” አለኝ። “ተነጋግረን ነበር። አንተ ብትሆንልን?”

“ቶጋ መደረብ እንደማውቅበት አይተሃል ማለት ነው።”

“እሱም አለበት።”

“በአንድ ነገር እስማማለሁ” አልኩት። “ጎላዊው ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል። እኔም አነሣለታለሁ። ከዚያ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ጉድጓድ የለም።”

“ግርማ፣ እሱማ ታሪኩን ማበላሸት ነው።”

ከዋልተር ቤት አምጥቼ መስኮቴ ደፍ ላይ ወዳስቀመጥኩት ግራጫ ድንጋይ ዞር ብዬ አየሁ።

“ቄሳሩ እኔ ነኝ አይደል?” አልኩት። “ይበላሽ።”